በእኛ ደጅ ያልታሰረ ክር

የካቲት ፲፯፣ ሰኞ

ጾሙ ገባ። ከበሮውና ጸናጽሉ ተሰቀለ፤ እስከ ትንሣኤ እኛና መቋሚያችን ብቻ። ሌላውን ይከብደዋል፣ እኔን ግን ጾመ ድጓ ያሳርፈኛል። ዛሬ ለተማሪዎቹ ዜማ ስነግር ባለቤቴ ወለተ ሩፋኤል ደጋግማ ጠርታኝ አልሰማሁም አሉ። "አንቱ ዜማ ከያዙ ቤቱ ቢቃጠልም አይሰሙ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዜማ መሐል ላይ አይቆረጥማ።

ይህን ደብተር ልጄ ደርበው ከደሴ የላከልኝ ለዜማ ብሎ ነበር። ዛሬ ግን የሆዴን ልጻፍበት።

ከሰዓት ጎረቤታችን አሰለች መጣች። ቁጭ በይ ብንላት እምቢ አለች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ፈትታ ክር አሳየችን፤ ጥቁርና ቀይ፣ ከላይ እስከ ታች ቋጠሮ በቋጠሮ። "ከደጄ መቃን ላይ ነው ያገኘሁት። የመጀመሪያዬም አይደል" አለች። ገና ሳየው ዐወቅሁት። የልጄ የጽጌማርያም እጅ ነው።

ጽጌማርያም ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው ዓይን አታይም፣ ቃል አታበዛም፣ ጩኸት ሲበዛ ጆሮዋን ይዛ ትወዘወዛለች። ሥራዋ ክር መቋጠር ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ የወጣ ክር፣ እናቷ ስትፈትል የተረፈ፣ ከጥለት የተበጠሰ፣ ሁሉን ትለቅማለች። ትቋጥራለች፣ ታየዋለች፣ ትስቃለች። ከዚያ ወጥታ የሆነ ቦታ ታስረዋለች። ማንንም አስቸግራ አታውቅም። እኔም ልብ ብዬው አላውቅም።

የአሰለች ልጅ ወርቅአገኘሁ በጥር ነው የተዳረ። ሙሽራይቱ ሰነባብታ ኩልመስክ እናቷ ቤት ገባች፣ አልተመለሰችም። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፣ የማያወራው ግን የለም። ሙሽራው ታስሯል ነው የሚሉት። ክር ቋጥሮ ወንድ ማሰር መተት ነው፤ መተት ደግሞ ከማን ቤት ይወጣል? ከደብተራ ቤት። እኔ ደግሞ ምንድን ነኝ?

የካቲት ፳፫፣ እሑድ፣ ቅድስት

ከቅዳሴ ስንወጣ፣ በዋሻው ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። መቋሚያዬን አላዩም መሰለኝ።

"የልጅቱ እጅ ነው እንጂ አሳቡስ የአባቷ ነው።"

"እንዴት ዐወቅሽ?"

"በየሰው ደጅ ታስራለች፣ በራሳቸው ደጅ ግን አንድም የለ። ማን የራሱን ቤት ያስራል?"

ቤት ስደርስ መቃኑን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እውነትም አንድ የለም። ወይ ጉድ! ይህንን ማስረጃ አደረጉት።

የካቲት ፳፭፣ ማክሰኞ

ሁለት ተማሪዎች ቀሩ። አንዱን አሞታል አሉ። ሌላውን እናቱ ከልክላዋለች አሉ።

የካቲት ፳፰፣ ዓርብ

ዛሬ ክር ለቀማ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጥምጥሜን ጠምጥሜ፣ የሰው ደጅ እየዳሰስኩ! ከአሰለች ደጅ የወጣው ይበዛል። ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ዘበኛ ከደሳለ ዳስም አገኘሁ። ከሙጂብ ሱቅ በቀር ከሌላው ሁሉ ደጅ ምንም የለም።

ሱቅ ያለው ሙጂብ ደጁ ላይ ያለውን አላስፈታም አለኝ።

"ተዉልኝ መሪጌታ፤ ጌጤ ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ታልፋለች፣ 'ጽጌ፣ ሰላም አደርሽ ወይ' እላታለሁ። ዝም ትለኛለች። ሲነጋ ግን ክሯ እዚህ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። እርስዎ ከፈለጉ ሌላ ይውሰዱ፣ ይሄንን ግን አልሰጥም።"

ሰውየው ወሬ ይወዳል። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ደሳለም እንዲሁ ያለ ነገር ጀምሮልኝ ነበር፣ አላስጨረስኩትም።

ማታ ለወለተ ሩፋኤል ልጅቱን ክር ልናስተዋት ይገባል አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አንገትዎ ላይ ያለው ማተብ ምንድን ነው? ተቋጥሮ አይደል የታሰረው?" ማተብ የክርስትና ምልክት ነው፣ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም ብዬ ተቆጣሁ። እሷ መቀነቷን ይዛ ወጣች። የመቀነቷ ጫፍ በጽጌማርያም ቋጠሮ የተሞላ ነው። ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

የካቲት ፴፣ እሑድ፣ ምኩራብ

አለቃ ገብረ ዮሐንስ አስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ክፉ አልወጣቸውም።

"እኔ አላምነውም፣ መሪጌታ። ሕዝቡ ግን ሕዝብ ነው። የትንሣኤን ማኅሌት ሌላ ሰው ይምራ የሚሉኝ አሉ። ክሩን ሰብስበው በሽማግሌ ፊት ያቃጥሉት። ወሬውም አብሮ ይቃጠላል።"

እሺ አልኩ። ስለ መምራቱ አይደለም። ትንሣኤን ብመራ ባልመራ ምን ቀረብኝ! ለልጄ ብዬ ነው። ነገ አንዱ ደፋር ድንጋይ ቢወረውርባትስ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷም ስም ስም ነው። ለእሷ ብዬ ነው።

መጋቢት ፩፣ ሰኞ

ተቃጠለ።

እጇ።

ዛሬ መጻፍ አልችልም።

መጋቢት ፪፣ ማክሰኞ

ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተቀምጠው ነበር። አሰለችም ልጇም ነበሩ። ከመደቧ ግርጌ የነበረውን ጆንያ አውጥቼ ዘረገፍኩት። ያን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። አንዳንዱ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ፣ አንዳንዱ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደረ፣ ቀለሙ የተሰካካ። አንዱ ሽማግሌ አንስተው አገላበጡና "ይህ የማን ጥበብ ነው?" አሉ። ከዚያ ምን እንዳሉ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ መልሰው ጣሉት።

ለኮስኩት። ጽጌማርያም ከቤት ወጣች። እናቷ ይዛት ነበር፣ አመለጠቻት። አልጮኸችም። እሳቱ አጠገብ ቁጢጥ አለችና፣ ድስት ውስጥ የወደቀ ነገር እንደሚያወጣ ሰው፣ እጇን ሰደደች።

ጎትቼ ሳወጣት መዳፏና ጣቶቿ ተልጠዋል። ያወጣችው ክር ጣቷ ላይ ቀልጦ ተጣብቋል፤ የጆንያ ክር ፕላስቲክ ነው።

ወለተ ሩፋኤል "ምን አደረግሃት!" አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም። በሰው ፊት ነው ያለችኝ። እስከ አሁን አላረመችውም፣ እኔም አላረምኳትም።

መጋቢት ፬፣ ሐሙስ

ከጤና ጣቢያው ሲስተር ንጋት መጥታ ቁስሉን ጠርጋ አሸገችው። የኮን አገር ልጅ ናት፣ አፏ ስለት ነው። ሥራዋን ስትጨርስ ሄደች ስል ተቀመጠች።

"መሪጌታ፣ ይህ የልጅዎ ነገር ኦቲዝም ይባላል። መንፈስም አይደል፣ መተትም አይደል፤ አፈጣጠሯ ነው። እኛ የማንሰማው ሁሉ እሷ ላይ ይጮህባታል። የምትወደውን ሥራ ስትይዝ ጩኸቱ ይበርድላታል። ቃል ባታበዛም በሱ ታወራ ይሆናል፣ ማን ያውቃል? የያዘችውን ቢነጥቋት ምን ይዛ ትቁም?"

"ክር እኮ ነው" አልኳት።

"እርስዎን ጾመ ድጓውን ቢነጥቁዎትስ?"

ዜማ ምስጋና ነው፣ ክር ክር ነው አልኩ። "እሺ" ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች። ከበር ላይ ዞር ብላ፣ "ሲዘምሩ አይቼዎታለሁ፤ እንደሷ ነው የሚወዘወዙት" አለችኝ። ደፋር!

መጋቢት ፯፣ እሑድ፣ መፃጉዕ

ተማሪዎቹ ተመለሱ። ቆመው ሰላም የማይሉኝ ሰዎች ዛሬ ቆመው ሰላም አሉኝ። አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትንሣኤን የምመራው እኔ ነኝ።

ማታ ጽጌማርያም በግራ እጇ፣ ባልታሸገው፣ የጋቢዬን ዘርፍ ስትቋጥር አገኘኋት። "ፍቺው!" አልኳት። ፈታችው። ይኸው፣ ትሰማለች እኮ! አሁን ካልተቆጣኋት ነገ ደግሞ ሰው ደጅ ትሄዳለች። ለእሷ ብዬ ነው።

መጋቢት ፲፩፣ ሐሙስ

አልበላችም። ትናንትም። ደርበው ጋ ስልክ አልገባ አለኝ። ኔትወርክ የለም።

መጋቢት ፲፮፣ ማክሰኞ

አሁን ደግሞ መፍታት ነው ሥራዋ። ያገኘችውን ሁሉ ትፈታለች። የተማሪዎቹን አኮፋዳ ፈትታ ቁራሹ ሁሉ መሬት ወደቀ። የጫማዬን ማሰሪያ ፈታች። ጥጃውን ብትፈታው ላሚቱን ሙልጭ አድርጎ ጠባ፤ ጾም ሆነ እንጂ ወተቱንስ ተሰናብተነው ነበር። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ወለተ ሩፋኤል አልሳቀችም። "የነገሯትን ነው የምታደርገው" አለች።

ድሮ ስትቋጥር ታየዋለች፣ ትስቃለች ብዬ ጽፌ ነበር። ስትፈታ አትስቅም። ፈትታ ታስቀምጠዋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ጥቂት የነበራትም ቃል ጠፋ።

መጋቢት ፳፩፣ እሑድ፣ ገብር ኄር

ንባቡ መክሊቱን ጉድጓድ ቆፍሮ ስለቀበረው ሰው ነበር። መሐል ላይ ድምፄ ተዘጋብኝ። ይህ በዕድሜዬ ደርሶብኝ አያውቅም። የላስታ ብርድ ነው። ዝንጅብል አፍሉልኝ አልኩ።

መጋቢት ፳፱፣ ሰኞ

የወርቅአገኘሁ ሚስት ከኩልመስክ ተመለሰች። ነፍሰ ጡር ናት! ስታስመልስ አማቷ "ምን ሆነሽ፣ ምን በልተሽ" እያለች ብትጨቀጭቃት ነው እናቷ ዘንድ የሄደችው። ሙሽራው ያልታሰረ ሰው ነበር ለካ። መንደሩ ሲስቅ ዋለ።

እኔ ግን ከማን ጋር ልሳቅ? ፋሻውን ዛሬ ፈቱላት። ሁለቱ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ።

ሚያዝያ ፬፣ ቅዳሜ

አሰለች መጣች። ዛሬም አልቀመጥም አለች፤ ቀጥ ብላ ቆማ አለቀሰች። መሬት ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ ልጻፈው።

"ጠዋት ጠዋት ውኃ ስቀዳ አገኛት ነበር። 'ጽጌማርያም፣ እንዴት አደርሽልኝ' እላታለሁ። ከፊቷ ምንም አላይም። ስመለስ ግን ክሩ ደጄ ላይ አለ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላገናኘሁትም፣ መሪጌታ! ሰላምታዬን ነበር የምትመልስልኝ። እኔ ግን መተት አልኩት።"

ሙጂብም ይህንኑ ብሎኝ ነበር። ደሳለም ሊለኝ ነበር። የእናቷ መቀነትም ዓይኔ ሥር ነበር።

አሰለች ከሄደች በኋላ ደጄን አየሁት። ሴቲቱ በደረጃው ላይ ያለችው ልክ ነው፤ አንድም የለም። ማን የራሱን ቤት ያስራል ነበር ያለችው። እኔ ልጄን በስሟ ጠርቼ እንዴት አደርሽ ያልኳት መቼ ነው? ትንሽ ሳለች ብያት ይሆናል። አትመልስም ብዬ ተውኩት። ዜማ ይዤ አጠገቧ አልፋለሁ። አንድ ቤት አብሬያት ከምኖር ከአባቷ ይልቅ ሱቅ የሚከፍት ሙጂብ ክር አለው።

ነገ ሰላም እላታለሁ።

ሚያዝያ ፭፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ሰው ሁሉ ዘንባባ ይቋጥራል። ለጣት ቀለበት፣ ለግንባር ማሰሪያ። አለቃም አስረዋል፣ ሽማግሌዎቹም አስረዋል። ማንም መተት አላለውም።

አንድ ቀለበት ሠርቼ ለጽጌማርያም ሰጠኋት። ፈትታ፣ ዘንባባውን አቃንታ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሰላም ልላት ነበር፣ ሰው በዛ፣ አፈርኩ። ቤት ስንገባ እላታለሁ ብዬ ደክሞኝ ተኛሁ።

አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ከነገ ጀምሮ ሕማማት ነው። በይሁዳ መሳም ምክንያት በሕማማት ሰላምታ የለም፤ መሳሳም የለም፣ እጅ መጨባበጥ የለም፣ እንዴት አደርክ የለም። ይህን ሥርዓት ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይከለከል ዝም ብዬ፣ ዛሬ ማለት ስፈልግ ተከለከለ።

ሚያዝያ ፮፣ ሰኞ

አላልኳትም። ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ዋልን። እያንዳንዱ ስግደት ላይ እሷን አስብ ነበር፣ ጌታዬ ይቅር ይበለኝ።

ሚያዝያ ፯፣ ማክሰኞ

ማለዳ። መደቧ ላይ ተቀምጣ የብርድ ልብሱን ዘርፍ ትፈታለች።

"ጽጌማርያም፣ እንዴት አደርሽ?"

ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ቀና አላለችም። ወለተ ሩፋኤል ከጓዳ ብቅ አለች። "ሕማማት እኮ ነው!" አለች። ዐውቃለሁ አልኩ። "እሺ አንቱ" አለች። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሚያዝያ ፰

አልኳት። ምንም።

ሚያዝያ ፱

አልኳት። አንዱ ተማሪ ሰምቶ ዓይኑን አፈጠጠ። ይናገር።

ሚያዝያ ፲፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ለስግደት ከመውጣቴ በፊት አልኳት። ጉልበቴ አልቋል። እጇን አየሁት፤ የታጠፉት ጣቶች ቆዳቸው እንደ ሻማ ሰም ያበራል። ያን እጅ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ለእሷ ብዬ አልነበረም። ትንሣኤን ልመራ ብዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሚያዝያ ፲፩፣ ቅዳሜ

ለምለም ቄጠማ ታደለ፤ ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ አሰረ። ለጽጌማርያምም ይዤ ስገባ ወለተ ሩፋኤል ደረቷን ይዛ ቆማለች።

የልጅቱ አንገት ባዶ ነው። ማተቧ የለም። የእንጨት መስቀሏ መደቡ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል፣ ክሩ የለም። ክርስትና ስትነሣ የታሰረላት ነው፣ ሲያልቅ እየታደሰ፤ አንድ ቀን ከአንገቷ ተለይቶ አያውቅም። ፍራሹን ገለበጥን፣ አመዱን በተንን። "የት ጣልሽው?" አልናት።

ፍቺው ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄን ከክርስትናዋ ያስፈታኋት እኔ ነኝ። አሁን ደወል ተደወለ፣ መሄድ አለብኝ። መምራት አለብኝ። ምን አፍ ይዤ ነው የምመራው?

ሚያዝያ ፲፪፣ እሑድ፣ ትንሣኤ

መራሁ። ከበሮውም ጸናጽሉም ወረደ፣ ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ከአፌ የሚወጣውን አልሰማሁትም።

ሊነጋጋ ሲል ብቻዬን ተመለስኩ። ደጄን ልገፋ እጄን ስሰድ ክር ነካኝ። መቃኑ ላይ፣ በእኔ ቁመት ልክ። ጥቁር። የአንገቷ ማተብ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሌላ ክር እንድትነካ አልፈቀድኩላትማ።

አንድ ቋጠሮ ነው ያለው። እንደ ድሮዎቹ የጠበቀ አይደለም፤ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ነው። እዚያው ደጁ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ወለተ ሩፋኤል ወጣች፣ አየችው፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለከተች። "አለቃ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም ይመጣሉ። በመሪጌታ ደጅ ቋጠሮ አዩ ማለት..." አለች።

"ይዩት" አልኩ።

የራሴን ማተብ ፈትቼ፣ ድርብ ነበርና ከሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን መስቀሏን አስገብቼ አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ሳስርላት አልሸሸችኝም። "ጽጌማርያም፣ እንዴት አደርሽ?" አልኳት፤ ዛሬ ይፈቀዳል። ከእናቷ ቅርጫት ቀይና ነጭ ክር አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። አልነካችውም። ጾሙ ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሲበላ እሱ እንደተቀመጠ ዋለ። ሲስተር ንጋት ጊዜ ይፈልጋል አለች፤ እነዚያ ጣቶች ግን እንደ በፊቱ አይሆኑም አለችኝ፣ አልዋሸችኝም።

እንግዳ ሲመጣ ሲሄድ ውሏል። አለቃ ክሩን አይተው ጎንበስ ብለው ገቡ። ንፋስ ተነሥቷል፤ ቋጠሮው የላላ ነው። ላጠብቀው እጄን ዘርግቼ ተውኩት፣ የእሷ ነው። ለተማሪዎቹም ለቤተሰቡም በሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ ብያቸዋለሁ።